የእሁዶቹ ባሕር

ማቱራኢ ደሴት፣ ማርች 2 ቀን 1998

ለተወደድህ ለልጄ ለኖሮዋ፣

የሰማይና የባሕር ጌታ ሰላሙን ያብዛልህ። ባለቤትህንና ሁለቱን ሴቶች ልጆችህን ሰላም በልልኝ። እኔ ከጉልበቴና ከቀኝ ዓይኔ በቀር ደኅና ነኝ። ሰባ ስምንት ዓመት ካገለገሉኝ በኋላ ቢያጉረመርሙ አልቀየማቸውም።

እናትህ ካረፈች ሁለት ዓመት አለፈ። ያኔ ለጻፍኩልህ የሐዘን ደብዳቤ በስልክ መለስህልኝ። የስልክ መልስ መልስ አይባልም፤ መልስ ማለት ሰው አጥፎ የሚያስቀምጠው ወረቀት ነው። አባትህ የእናቴ የአጎት ልጅ ልጅ ስለ ነበር ይህን ለመናገር የሥጋ ዝምድናው ይፈቅድልኛል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የደሴታችን ምክር ቤት ለአዲስ የወደብ መግቢያ ጥናት ድጋፍ ሊሰጥ አስቧል። ባለፈው ኖቬምበር ዱቄት የጫነች ጀልባ አሮጌው መግቢያ ላይ ተገለበጠች። ሰው አልሞተም፤ የባሕሩ ዳር ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሊጥ ሆኖ ከረመ። ደሴታችንን ከከበበው የኮራል ዓለት ውጭ ቆመው ጭነትን በጀልባ ማውረድ የሰለቻቸው ሁለት መርከቦችም መምጣት ትተዋል። ስለዚህ በምሥራቅ በኩል ኮራሉን ቆርጦ ሌላ መግቢያ ማውጣት ይቻል እንደሆነ ይጠና ተባለ። ጥናቱን የሚያካሂዱት የውጭ ሰዎች ደግሞ መስተዳድሩ በበኩሉ ምን እንደሚያዋጣ ጠየቁ። ከንቲባችን ቫይፖ፣ አራተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው፣ ተነሥቶ ሁለቱን ኪሶቹን ገልብጦ አሳየ። በኋላ ግን ሦስት ነገር ተገኘ። አንደኛው የድሮው የሐኪም ቤት ለአጥኚዎቹ ማደሪያ፣ ሁለተኛው የምክር ቤቱ መቆፈሪያ ማሽን፣ ሦስተኛው የእኔ መዝገብ ነው።

ባለቤቴ ታማሩዋ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የመግቢያው ጠባቂ ሆኖ ሠላሳ ስድስት ዓመት እንደ ሠራ ታውቃለህ። በየማለዳው ኮራሉ ላይ ቆሞ፣ መግቢያው ከዳር እስከ ዳር በነጭ አረፋ እስኪዘጋ ድረስ ስንት ሞገድ እንደሚያልፍ ይቆጥር ነበር። ሰባትና ከዚያ በላይ ከሆነ ጀልባ ይወጣል፤ ኮራሉ ላይ ያለውን የምልክት ምሰሶ ባዶ ይተወዋል። ከሰባት በታች ከሆነ ቀይ ጨርቅ ይሰቅልበታል። ቁጥሩን ወደ ቤት ጮኾ ይነግረኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። ከጃንዋሪ 1951 እስከ ዲሴምበር 1986 አንድም መስመር አልጎደለም። የውጭዎቹ ሰዎች ከቤቱም ከማሽኑም ይልቅ የፈለጉት ይህን ነው። ነገር ግን መዝገቡ የሚታመን መሆኑን አንድ ባለሙያ መርምሮ ይፈርም አሉ። ያለዚያ ድጋፋችን እንደ ድጋፍ አይቆጠርም፤ ጥናቱም ወደ ሌላ ደሴት ይሄዳል።

በአንተ ቢሮ ይህን የባሕር መዝገብ የመመርመር ሥራ እንደምትሠራ ለቫይፖ የነገርኩት እኔ ነኝ። ፎቶኮፒውን በመርከብ ልኬልሃለሁ።

በአዲስ ዓመት የመጀመሪያ እሁድም እንደ ልማዳችን መግቢያው የበላቸው ሰዎች ስም በቤተ ክርስቲያን ተነበበ፤ ሕዝቡም በየስሙ «ይግባ» አለ። አሥራ አንድ ናቸው።

በጸሎቴ የማልረሳህ፣
አካይቲ


ዌሊንግተን፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1998

ለክብርት እማማ አካይቲ፣

እንደምን አሉልኝ? ጉልበትዎንና ዓይንዎን እግዚአብሔር ያበርታልዎ። በስልክ ስለ መመለሴ የሰጡኝን ተግሣጽ ለባለቤቴ ሳነብላት፣ ደስ ብሏት ሁለተኛ አስነበበችኝ። ይህ እንግዲህ ወረቀት ነው፤ አጥፈው ያስቀምጡት።

መዝገቡ ደረሰኝ። በዚህ ሥራ አሥራ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አይቼ አላውቅም። አለቃዬ የታተመ መስሎት በጣቱ ዳበሰው። ከ1954ቱ አውሎ ነፋስ ማግሥት እንኳ ቁጥሩ አለ፤ ያን ቀን የቤታችሁ ጣሪያ እንዳልነበረ እናቴ ነግራኛለች።

ከመፈረሜ በፊት ሁለት ጥያቄ አለኝ። አባባ ታማሩዋ ሲታመሙ ማን ይቆጥር ነበር? በማለዳ የተጻፉት የመጀመሪያዎቹ ደብተሮችስ አሉ? የላኩልኝ በኋላ በንጹሕ የተገለበጠ ይመስለኛል። አንዲት ትንሽ ነገርም አለች። የእሁድ ባሕራችሁ በጣም ጨዋ ነው። ከሌሎቹ ቀናት ሁሉ እሱ ብቻ ሰውን አያስደነግጥም። ምክንያቱን ቢያውቁ ይጻፉልኝ።

ስሞቹ አሁንም አሥራ አንድ ናቸው ማለት ነው?

አክባሪ ልጅዎ፣
ኖሮዋ


ማቱራኢ፣ ሜይ 11 ቀን 1998

ለልጄ ለኖሮዋ፣

ቸሩ አምላክ ቤትህን በሰላም ይጠብቅ። ደብዳቤህ በጥሩ እጅ ተጽፎ ስላገኘሁት ደስ ብሎኛል፤ ለፎቶኮፒው የሰጠኸውን ምስጋና ግን ለማሽኑ አስተላልፌአለሁ።

ታማሩዋ ሲታመም ወንድሙ ይቆጥር ነበር። ሁለቱም አንድ ዓይነት ግትሮች ስለ ነበሩ ልዩነት አታገኝም። የማለዳዎቹን ደብተሮች በረሮ በልቷቸዋል።

ጎደሬው ዘንድሮ ጥሩ ነው። የቫይፖ አሳማ የፓስተሩን አጥር ጥሶ ገብቶ ሦስት መደብ ገለበጠ። ፓስተሩ የሚቀጥለውን ስብከት ስለ ጎረቤት መውደድ አደረጉት፤ ቫይፖም ከፊት ተቀምጦ ከሁሉ ሰው በላይ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ። የልጆቻችሁን ሰሌን ጨርሼዋለሁ። በቅጠል ከተጠቀለለው የደረቀ ሙዝ ጋር ይመጣል። የምትችል ከሆነ የማንበቢያ መነጽር ላክልኝ፤ ይህኛው በአንድ ጆሮ ነው የሚንጠለጠለው።

እሁድን በተመለከተ፣ በደሴታችን እሁድ ጸጥ ያለ ቀን ነው። ጀልባ አይወጣም፣ እሳት አይነድድም፣ ሕፃን እንኳ አይሮጥም። ባሕሩም ሳይለምደው አልቀረም።

ምክር ቤቱ ድምፅ የሚሰጠው በዓመቱ መጨረሻ ላይ ነው፤ ፊርማህ ግን ቀደም ብሎ ቢደርስ ይሻላል።

አካይቲ


ዌሊንግተን፣ ጁን 7 ቀን 1998

ለክብርት እማማ አካይቲ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ሰሌኑና ሙዙ ደርሰዋል። ልጆቹ ሙዙን በአንድ ቀን ጨረሱት፤ ቅጠሉን ደግሞ ትንሿ ትራሷ ሥር አድርጋ ታሸተዋለች። መነጽሩ ከዚህ ጋር አለ።

ባሕር እሁድን አይለምድም፣ እማማ። ይህን እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል።

አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሰባ ስምንቱን እሁዶች በሙሉ አየኋቸው። እያንዳንዱ የቅዳሜና የሰኞ እኩሌታ ነው። ቅዳሜ አሥር፣ ሰኞ ስምንት ከሆነ እሁድ ዘጠኝ ነው። ቅዳሜ አሥር፣ ሰኞ ሰባት ከሆነ እሁድ ስምንት ነው፤ ግማሿ ወደ ታች ተጥላለች። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ እሁድ ማለዳ የመጣ ማዕበል የለም፤ ቅዳሜ የተነሣ ማዕበልም እሁድ ላይ አድሮ ያልሄደ የለም። በዚህ ላይ ልፈርም አልችልም። ሰዎች አምነውት ኮራሉን በተሳሳተ ቦታ ቢቆርጡ፣ ወደፊት የሚገለበጠው ጀልባ በእኔ ስም ይገለበጣል።

ስለዚህ በቀጥታ ልጠይቅዎ። እሁድ እሁድ ማን ይቆጥር ነበር?

ሁሉንም እሁዶች አየሁ ብያለሁ፤ አንዱን ግን ከሁሉ አስቀድሜ ነው ያየሁት። እናቴ በመጨረሻው ሳምንቷ አንድ ነገር ትደጋግም ነበር። «ምሰሶው ባዶ ነበር፣ ባዶ ነበር» ትላለች። ነርሷ ቅዠት ነው አለችኝ፤ እኔም ቅዠት ነው ብዬ እጇን ያዝኩ።

መልስዎን እጠብቃለሁ።

ኖሮዋ


ማቱራኢ፣ ኦገስት 12 ቀን 1998

ለኖሮዋ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ሁለት ወር ስላስጠበቅሁህ ይቅርታ አድርግልኝ። መነጽሩ ጥሩ ነው፤ ዝም ያልኩት ማንበብ አቅቶኝ አይደለም። ከጁን ወዲህ አራት ደብዳቤ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ዛሬ ቀኑን ስጽፍ ይህኛውን እንደማልቀደው ገባኝ።

እሁድ ማንም አይቆጥርም ነበር።

ታማሩዋ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር። የጠባቂነት ሥራ ሥራ ነው፤ እሁድ ሥራ የለም። ስለዚህ የእሁዱ መስመር ባዶ ሆኖ ይመጣል። እኔ ግን በሚስዮን ትምህርት ቤት ሚስ ኦርፎርድ የምትባል መምህርት ነበረችኝ፤ በደብተራችን ላይ ባዶ መስመር ካገኘች በማስመሪያ ጠርዝ ጣታችንን ትመታን ነበር። ባዶ መስመር የሰነፍ ምስክር ነው ትለናለች። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ባዶውን መስመር ማየት አልቻልኩም። ሰኞ ማለዳ ቁጥሩን ከማለዳው ደብተር ወደ መዝገቡ ስጽፍ ከቅዳሜው ጋር ደምሬ ለሁለት አካፍዬ እሁዱን እሞላዋለሁ። ሲተርፍ ወደ ታች የምጥለው ለጥንቃቄ ነበር። ማንን ይጎዳል? እሁድ ጀልባ አይወጣም ብዬ።

ኦገስት 12 ቀን 1962 እሁድ ነበር። ቅዳሜ ዘጠኝ ተቆጥሯል። እሁድ ከጸሎት በፊት አንዲት መርከብ ከኮራሉ ውጭ ታየች፤ እስከ ሰኞ አትቆይም። አንተ አራት ዓመትህ ነው፤ በሳሉ ፊትህ ጠቁሯል። አባትህ ፓዬሬ ከመርከቡ ሐኪም መድኃኒት ለማምጣት ሕዝቡ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ ብቻውን ወጣ። ሲመለስ መግቢያው ተዘጋበት። መድኃኒቱ በቆርቆሮው ውስጥ ሳይርስ ወደ ዳር ወጣ። ሰኞ ታማሩዋ ሦስት ቆጠረ። እኔም እንደ ልማዴ ዘጠኝና ሦስት አሥራ ሁለት፣ ለሁለት ስድስት ብዬ ጻፍኩ። ከሰባት በታች ነውና ከጎኑ «ቀይ» አልኩ። እጄ የጻፈው ሳላስበው ነው። ይህን እንድታምነኝ አልለምንህም።

አደጋውን የሚመረምር ሹም ከዋናው ደሴት ከራሮቶንጋ መጥቶ መዝገቡን በንጹሕ አስገለበጠኝ። ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሕዝቡ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበ፤ ስድስት፣ ቀይ። ከዚያ ታማሩዋን መዝገቡ ትክክል መሆኑን ጠየቀው። ታማሩዋ እኔን አየኝ።

«የሚስቴ መዝገብ ተሳስቶ አያውቅም» አለ። ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ነበር ስለ ምሰሶው የሚመሰክር ሌላ ሰው አልተገኘም።

የታመመ ልጅ ላለው ሰው እሁድን መሻር ይቅር ይባል ነበር። ቀይ ጨርቅን መናቅ ግን ሊያድኑህ የሚወጡትን ጎረቤቶችህን መናቅ ነው ተባለ፤ ስለዚህ ስሙ ከስሞቹ ጋር እንዳይነበብ ሽማግሌዎቹ ወሰኑ። ታማሩዋ ከእነሱ አንዱ ነበር።

በማግሥቱ እናትህ ወደ ማድ ቤቴ መጣች፤ አንተ ጀርባዋ ላይ ነበርህ። አልተቀመጠችም።

«አካይቲ፣ ምሰሶውን ያየሁት እኔ ነኝ። ባዶ ነበር። ፓዬሬን ‹ሂድ፣ ምንም አልተሰቀለም› ያልኩት እኔ ነኝ።»

እኔም «መዝገቡ ስድስት ይላል» አልኳት።

መስመሩን ስጽፍ አላሰብኩም ነበር። ይህን ስላት ግን አውቄ ነው። በዓመቱ ይዛችሁ ወደ ኒው ዚላንድ ሄደች።

ታማሩዋና እኔ በዚህ ነገር አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ግን ከሽማግሌዎቹ አግዳሚ ተነሥቶ፣ ምሰሶው በመስኮት የሚታይበት ቦታ እየተቀመጠ ሃያ አምስት ዓመት ጸለየ። ሰዎች ትሕትና ነው ይሉ ነበር።

ደብተሮቹን በረሮ አልበላቸውም። ሣጥኔ ውስጥ ናቸው፤ እሁዶቹም ባዶ ናቸው። በሚቀጥለው መርከብ ይመጡልሃል።

አካይቲ


ዌሊንግተን፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1998

ለእማማ አካይቲ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብተሮቹ ደርሰዋል።

እናቴ በየዓመቱ ዓይኗን ትመረመር ነበር። ሐኪሙ ደኅና ነው ይላታል፤ እሷ አታምነውም፤ ሌላ ሐኪም ትፈልጋለች። እኛ ልጆቿ እንስቅባት ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ባዶ ምሰሶና ቀይ ጨርቅ መለየት ያቃታት፣ ባሏን በገዛ ቃሏ የላከች ሴት ሆና ኖረች። ለእሷ ሊጻፍ የሚገባው ደብዳቤ ለእኔ ስለ ደረሰኝ እንዴት እንደምመልስ ሳላውቅ ቆየሁ። አሁንም አላውቅም።

የማውቀው ሥራዬን ነው። ባዶ እሁድ አይጎዳንም። በሳምንት ስድስት ቀን በእውነት የተቆጠረበት ሠላሳ ስድስት ዓመት በእነዚህ ባሕሮች ሌላ ቦታ የለም። ስድስቱን ቀን ያለ ጥርጥር እፈርማለሁ፤ ሰባተኛው አልተቆጠረም ብዬ እጽፋለሁ። ጥናቱን የሚያበላሸው ባዶው ሳይሆን የተሞላው ነበር።

ግን ለምክር ቤቱ ለምን ባዶ እንደ ሆነ የምነግረው እኔ አይደለሁም። እርስዎ በአፍዎ ይንገሩ። ካልነገሩ መዝገቡን ያለ ፊርማ እመልሳለሁ፤ ምክንያቱንም አልጽፍም፤ የሆነው ይሁን።

ጥናቱ ከተፈቀደ መለኪያዎቹን ይዤ የምመጣው እኔ ነኝ።

ኖሮዋ


ማቱራኢ፣ ጃንዋሪ 5 ቀን 1999

ለልጄ ለኖሮዋ፣

አዲሱን ዓመት የምሕረት ዓመት ያድርግልህ። ልጄ የምልህ እንደ ልማዴ ነው፤ ካልወደድከው በሚቀጥለው ጻፍልኝ።

ደብዳቤህ እንደ ደረሰኝ ቀይ እርሳስና ማስመሪያ ይዤ ተቀመጥኩ። አምስት ሳምንት ፈጀብኝ። እሁዶቹን በሙሉ አንድ በአንድ ሰረዝኳቸው፤ አልፋቅኳቸውም፤ ሐሰቱ ከሥር ይነበብ። በኦገስት 12 ቀን 1962 መስመር ላይ ብቻ ቃል ጨመርኩ። «አልተቆጠረም፤ ጨርቅ አልተሰቀለም» ይላል።

ዲሴምበር 9 ቀን ምክር ቤቱ ተሰበሰበ። ቆሜ ልናገር ብዬ ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ ተቀምጬ ተናገርኩ። ለአንተ የጻፍኩትን ሁሉ፣ እናትህ ማድ ቤቴ መጥታ ያለችኝንና የመለስኩላትንም ጭምር ነገርኳቸው። ቫይፖ እንደ ልማዱ በቀልድ ሊያቀልለው ፈለገ።

«እማማ፣ እኔን ባዶ መስመር ትተሃል ብለው በማስመሪያ የመቱኝስ?»

«በእሱም ተሳስቻለሁ» አልኩት።

ቫይፖ እጁን አይቶ ጠረጴዛው ሥር አስገባው። ከኋላ አንዲት ሴት፣ ሙታን ራሳቸውን መከላከል አይችሉምና ታማሩዋን አትክሰሺው አለችኝ። የምከሰው ራሴን ነው አልኳት፤ እሱ የተናገረው አንድ ሐሰት እኔን ለማዳን ነበር፤ እኔ ግን አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሰባ ስምንት ጽፌአለሁ። ከዚያ ወዲህ በመንገድ ሳገኛት ሰላምታ አትሰጠኝም፤ እኔ ግን እሰጣታለሁ።

ድጋፉ በሰባት ድምፅ ለሁለት ጸደቀ። ቤቱ፣ ማሽኑና የስድስት ቀን መዝገብ። የውጭዎቹ ሰዎችም ከፊርማህ ጋር ተቀብለውታል።

ከትናንት በስቲያ የዓመቱ የመጀመሪያ እሁድ ነበር። ፓስተሩ ስሞቹን እኔ እንዳነብ አደረጉ። አሥራ አንዱን አነበብኩ፤ ሕዝቡ በየስሙ «ይግባ» አለ። አሥራ ሁለተኛ «ፓዬሬ» አልኩ። አንድ ሞገድ መጥቶ ተመለሰ። እኔ ከፊት ቆሜ ስለ ነበር የሁሉንም ፊት አይቻለሁ፤ የሚያጉረመርሙም ነበሩ። ከዚያ የቫይፖ ድምፅ ብቻውን «ይግባ» አለ፤ ሌሎቹ ተከተሉት። የእናትህን ስም ላነብ አልቻልኩም፤ እሷን መግቢያው አልበላትም። እሷን የበላሁት እኔ ነኝ፤ እኔ የበላሁት ሰው ስም ደግሞ የሚነበብበት ወረቀት የለም።

አጥኚዎቹ እሁድም ይቆጠር ብለዋል። ፓስተሩ ብዙ አሰቡበትና፣ ለጎረቤት መጠበቅ ሥራ አይደለም አሉ። ሌሎቹን ቀናት የምክር ቤቱ ሰዎች ይቆጥራሉ፤ እሁዱን ጠይቄ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ወንበሬን ኮራሉ ላይ ያወጡልኛል። የመጀመሪያው እሁዴ አምስት ነበር። በልቤ የገመትኩት ስምንት ነበር።

መርከብህ የምትደርሰው ማርች 14 እንደሆነ ነገሩኝ። እሁድ ነው። ስለዚህ ይህን ለካፒቴኑ አስጠንቅቀህ ንገረው፤ ምክር ቤቱ በእኔ ልመና የምሰሶውን ሕግ ቀይሯል። ቀይ እንደ ድሮው ዝግ ነው። ክፍት ሲሆን ነጭ ይሰቀላል። ባዶ ምሰሶ ካያችሁ ማንም አልቆጠረም ማለት ነው፤ ከውጭ ቆዩ።

ነጩን ካየህ የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ቆጥሬአለሁ፤ ግባ።

አካይቲ